ክብሪት ቀፎ ውስጥ የነበረው ፍሬ

(በድሬዳዋ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ተቀንሷል።)

እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም። አካም ኦልተን። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ። አባባ፣ አንተ ደግሞ ከቬንቲሌተሩ ሥር ተቀመጥ፤ የዛሬው ሙቀት ለብቻው ነው። ውሃ የያዛችሁ ለጎረቤታችሁ አካፍሉ።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሱስ ንገሪልን» ነበር ያሉኝ። ስለ ሱስ የሚናገር ሰው ሞልቷል፣ ከእኔ የተሻለም አለ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የማውቀው ዘር ነው፣ ቅጠል ነው፣ አበባ ነው። ስለዚህ «ስለ አንድ ዘር ልንገራቸው» አልኩ። «የምን ዘር?» አለችኝ ልጅቷ። «የካናቢስ» አልኳት። ስልኩ ጸጥ አለ። ቆይታ «ቲቸር፣ ለልጆች?» አለችኝ።

አዎ፣ ለልጆች። ለእናቶችና ለአባቶችም። ከሁሉ በፊት ደግሞ እንደኔ ለምናስተምር ሰዎች። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነው። አሥረኛ ክፍል አስተምር ነበር። ክፍለ ጊዜው አልቆ ልጆቹ ሲወጡ አንድ ልጅ ቀረ። ሁሌ ከሰው ቀድሞ እጁን የሚያወጣ፣ ጥያቄው የማያልቅ ልጅ ነበር። ጓደኞቹ እስኪርቁ ጠበቀና ከኪሱ ክብሪት ቀፎ አወጣ። በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ከፈተው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ አንድ የመኪና ረዳት ነው የሰጠኝ። ካናቢስ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ያንን ቃል ስሰማ ደነገጥኩ። ቀፎውን ከእጁ ነጥቄ በመስኮት ወረወርኩት። ልጁን በክንዱ ይዤ ቢሮ ወሰድኩት። ሁለት ሳምንት ታገደ፣ አባቱን አምጣ ተባለ። አባቱ በሰው ፊት መታው። ልጁ ተመለሰ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። አንዲት።

ያ ፍሬ ምን ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ተልባ ሊሆን ይችላል፣ የወፍ ጥሬ ሊሆን ይችላል፣ የተባለውም ሊሆን ይችላል። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪዋ አላየሁትም! ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። ልጁ ቀፎውን ይዞ ወደ መንገድ ልጆች አልሄደም፤ ወደ እኔ ነው የመጣው። ትክክለኛ ያለውን ሰው ነው የጠየቀው። እኔ ግን ጥያቄውን እንደ ጥፋት ቆጠርኩበት።

እንግዲህ ዛሬ የመጣሁት ያኔ ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ለእናንተ ልነግር ነው። ማወቅ አልተከለከለም። ልጆቼ፣ ይህን ስሙኝ፦ ማወቅ አልተከለከለም። የተከለከለው ሌላ ነው፤ እሱንም በግልጽ እነግራችኋለሁ። ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ ስለ ስሙ፣ ስለ ፍሬው፣ ስለ ሕጉ። ሕጉ ላይ ስረዝም ታገሱኝ።

አንደኛ፣ ስሙ።

ይህን ተክል ስንት ስም ነው የምትጠሩት? እስቲ ንገሩኝ። ጋንጃ… ሐሺሽ… እሺ… ዌድ… ዕፀ ፋሪስ። ቆይ! ማነው ዕፀ ፋሪስ ያለው? ጎበዝ፣ ቁጭ በል፣ አልቆጣህም። አንተን ነበር የምፈልገው።

ዕፀ ፋሪስ ሲባል ብዙ ሰው ካናቢስ ነው ብሎ ያስባል። በወሬም በጽሑፍም እንደዚያ ሲባል ትሰማላችሁ። ነገር ግን የባህል መድኃኒት አዋቂ ጋ ሄዳችሁ ዕፀ ፋሪስ አሳየኝ ብትሉት ሌላ ተክል ነው የሚያሳያችሁ። የዕፅዋት ተመራማሪዎችም በጥናታቸው ዕፀ ፋሪስ ብለው የሚመዘግቡት ያንኑ ሌላውን ነው። አስተናግርን። በሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ይባላል። ነጭ እንደ ጡሩንባ ያለ አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ፣ በየቆሻሻ መጣያውና በየወንዝ ዳሩ የሚበቅል ነው። እዚሁ ደቻቱ ዳር ስትሻገሩ አልፋችሁት ታውቃላችሁ። ሁለቱ በዘመድም አይገናኙም። አስተናግር የድንችና የቲማቲም ወገን ነው። ካናቢስ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ቢራ የሚመርበት ሆፕስ ነው።

ታዲያ የስም መመሳሰል ምን ይጎዳል? አትበሉ። ልንገራችሁ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። የጎረቤቴ እናት በሬን ደበደበች። «ቲቸር ድረሽልኝ፣ ልጄ አበደ!» ሮጬ ሄድኩ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ፊቱ እንደ ፍም ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዐይኑን ባትሪ አብርቼ አየሁት፤ የዐይኑ ብሌን ሰፍቶ ሰፍቶ ቀለሙ ጠፍቷል፣ ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነው የሚታየው። አንሶላው ላይ የሌለ ክር ይለቅማል። እንደዚህ፣ በሁለት ጣቱ፣ አንድ በአንድ። ከግድግዳው ጋር ያወራል። ስሙን ስጠራው አይሰማኝም።

ኪሱን ፈተሽኩ። ጥቂት ፍሬ አገኘሁ። ያኔ ነው ያ ክብሪት ቀፎ ትዝ ያለኝ። ይህኛውን አልወረወርኩትም። መዳፌ ላይ አድርጌ በባትሪ አየሁት። ጠፍጣፋ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ቅርጹ ኩላሊት ይመስላል፣ ላዩ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። አስተናግር! ወረቀት ላይ ጠቅልዬ ከልጁ ጋር ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን ፈትቶ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ወዲያው ገባው። ጓደኛው «ዕፀ ፋሪስ ነው፣ ትንሽ ብታኝከው ያስቅሃል እንጂ ሰው አይገድልም» ብሎት ነው። ይገድላል እንጂ! አስተናግር ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ፤ ልብን ያስሮጣል፣ ሰውነትን ያነዳል፣ አእምሮን ያናውጣል። ስሙስ ምን ይላል? አስ-ተና-ግር። ሰውን የሚያስለፈልፍ ማለት አይደል? አያቶቻችን ስሙ ላይ ነግረውን ነበር።

ልጁ እናቱን የለያት በሦስተኛው ቀን ነው። «እማዬ» ሲል አጠገቡ ነበርኩ። እንዲህ ነው የስም ነገር። ሁለት ተክል በአንድ ስም ሲጠራ ሆስፒታል የሚገባው ስሙ አይደለም፣ ልጅ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍሬው።

የካናቢስ ዘር የምንለው በዕፅዋት ትምህርት ፍሬ ነው። እንደ ሱፍ ማለት ነው። ሱፍ ዘር እያልን እንጠራዋለን እንጂ የምንሰብረው ቅርፊት የፍሬው ግድግዳ ነው፣ ዘሩ ውስጥ ነው ያለው። የካናቢስም እንዲሁ። መጠኑ ከድንብላል ፍሬ ብዙ አይርቅም፤ እንቁላል መሰል፣ ግራጫ ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ ላዩ ላይ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ መስመር ያለበት ነው። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ዘይት ነው፤ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን። ኑግና ሰሊጥ ለምታውቁ እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም፣ የቅባት እህል ጠባይ ያለው ፍሬ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ። ፍሬው ያሰክራል? ሁላችሁም ዝም አላችሁ። አያሰክርም። የሚያደነዝዘው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ የሚባለው ነው። እሱ ያለው በሴቴዋ ተክል አበባ ዙሪያ ባሉ እንደ ጤዛ ጠብታ የሚያብረቀርቁ የሙጫ ዕጢዎች ላይ ነው። ፍሬው ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ካለም ከአበባው ተነክቶ ላዩ ላይ የቀረ ነው። ካናቢስ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ተክል ነው፣ እንደ ፓፓያ። ፍሬውን አይታችሁ ወንዴ ነው ሴቴ ነው ማለት አትችሉም።

ከሁሉ በላይ የምፈልገው ይህን እንድትይዙልኝ ነው፦ ፍሬውን በዐይን አይቶ ለገመድና ለምግብ የሚውለው ዓይነት ይሁን የሚያደነዝዘው ዓይነት መለየት አይቻልም። ሁለቱም አንድ ዝርያ ናቸው፣ ካናቢስ ሳቲቫ። ስሙን ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኔየስ በ1753 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመዘገበው ነው። ተልባን አስቡት። እኛ ተልባን ለፍሬው ነው የምናውቀው፤ ግብፆች ግን ከዚያው ከተልባ ግንድ ጭረት እያወጡ የበፍታ ልብስ ይሠሩ ነበር። ተክሉ አንድ ነው፣ ሰው የመረጠው ጥቅም ተለያየ። ካናቢስንም አንዱ ሕዝብ ለጭረቱ ሲያራባው ኖረ። የመርከብ ገመድና ሸራ ተሠራበት። ካንቫስ የሚለው ቃል ራሱ ካናቢስ ከሚለው የመጣ ነው። ለጭረትና ለፍሬ የተራባው ሄምፕ ይባላል፣ ቲኤችሲው በጣም ጥቂት ነው። ሌላው ሕዝብ ደግሞ ለሙጫው አራባው። ፍሬውን ግን ጎን ለጎን ብታስቀምጡት እኔም ብሆን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬም፣ ልለይላችሁ አልችልም። መለየት የሚቻለው በላቦራቶሪ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው መንገድ ላይ ወይ በስልክ «ይሄ ሄምፕ ነው፣ ችግር የለውም» ቢላችሁ በምን አወቀ? ጠይቁት። በምን አወቅክ?

«የእኛ አገር ነገር አይደለም፣ የፈረንጅ ነው» የሚሉም አሉ። እሱም ልክ አይደለም። ጣና አካባቢ ካለ ዋሻ በቁፋሮ በተገኙ የማጨሻ ጋያዎች ላይ የካናቢስ ቅሪት ተገኝቷል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተገምቷል። ይህን የምለው ላስወድዳችሁ አይደለም። ለልጅ ውሸት ነግረን አንዱ ውሸት ሲገለጥበት እውነቱንም አያምነንም ብዬ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕጉ። እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ።

በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አገሮች ስለ ናርኮቲክ ዕፆች አንድ የጋራ ስምምነት አደረጉ። ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ስምምነቱ ካናቢስ ማለት የተክሉ ያበበ ወይም ያፈራ ጫፍ ነው ይልና ዘሩን ለብቻው ሲሆን ከትርጉሙ ያወጣዋል። ለጭረትና ለዘር ብቻ የሚደረግ እርሻም ስምምነቱን አይመለከተውም ይላል። በኢንተርኔት ዘር የሚሸጡ ሰዎች ይህችን አንቀጽ ነው የሚመዙት። «ዓለም አቀፍ ሕግ ዘሩን አልከለከለም» ይላሉ። ግማሽ እውነት ነው። ያው ስምምነት አገሮች ከዚህ የጠበቀ ሕግ ማውጣት ይችላሉ ይላል። ከስምምነቱ ትርጉም መውጣትና በአገራችሁ መፈቀድ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

እነዚሁ ሻጮች ገጻቸው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ምን ብለው እንደሚጽፉ አይታችኋል? ዘሩ ለማስታወሻ ነው፣ የአገርዎን ሕግ ማወቅ የእርስዎ ኃላፊነት ነው ይላሉ። ገንዘቡ የእነሱ፣ እስሩ የእናንተ ማለት ነው።

የእኛስ ሕግ? የወንጀል ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅንና ተክሉን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርን፣ መጠቀምን በእስርና በገንዘብ ይቀጣል። ጓሮ ውስጥ በጣሳ አንድ እግር መትከልም ተክል ነው። «ለማየት ብዬ ነው» የሚል መልስ አያድንም። «ሕጉን አላውቅም ነበር»ም አያድንም፤ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል። «ሻሸመኔ ሲያጨሱ አይቻለሁ» የሚል ልጅም ገጥሞኛል። ሻሸመኔ የተለየ ሕግ የላትም። ሻሸመኔም ድሬም ሐረርም አንድ ሕግ ነው።

ግን ልጆች ስልካቸው ላይ የሚያዩት ሌላ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። ካናዳ በጥቅምት 2018 ለአዋቂዎች ፈቀደች፣ እውነት ነው። በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አዋቂ ሰው በግል ቤቱ ቢጠቀም አይከሰስ አለ፤ መሸጥን ግን አልፈቀደም። ሌሴቶ በ2017 ለመድኃኒት የሚመረትበትን ፈቃድ ሰጠች። ሞሮኮ በ2021 ለመድኃኒትና ለኢንዱስትሪ በፈቃድ ይመረት አለች። አሜሪካ በ2018 የእርሻ ሕጓ ቲኤችሲው ከ0.3 በመቶ የማይበልጠውን ሄምፕ ከከለከለችው ዝርዝር አወጣች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እና? ካናዳ የተፈቀደ ዘር ድሬዳዋ ሲወርድ ፈቃዱ አብሮት አይወርድም።

ይህን ነገር ከእኛ ከምሥራቅ ሰዎች በላይ ማን ያውቀዋል? ጫትን እዩ! አወዳይ ገበያ በጠራራ ፀሐይ ይሸጣል፣ ይጫናል፣ ግብር ይከፈልበታል። ድሮ ለንደንም በአውሮፕላን ይገባ ነበር። በሰኔ 2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝ ከለከለች። ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የማውቀው ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ ለዘመዶቹ ብሎ ሁለት እስር ጫት በሻንጣው ይዞ አውሮፓ ሄደ። «አገሬ ሕጋዊ ነው» አላቸው። ኤርፖርት ላይ ያሳለፈውን ሌሊት ሲያወራ እስከ ዛሬ እጁ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ የእኛ ጫት እዚያ ወንጀል ከሆነ፣ የእነሱ ዘር እዚህ ወንጀል ሲሆን ምን ይገርመናል? ሕግ የሚታየው በቆምክበት መሬት ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ይሄኛው የሳይንቲስት ነው። ቲኤችሲን ለይቶ ያወጣውና ምንነቱን ያሳወቀው ራፋኤል ሜኩላም የሚባል እስራኤላዊ ኬሚስት ነው፣ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከባልደረባው ጋር። ምርምሩን ሲጀምር የሚመረምረው ነገር አልነበረውም። በተቋሙ ኃላፊ አማካይነት ፖሊስ ጋ ተደወለለትና ከተያዘ ሐሺሽ አምስት ኪሎ ተሰጠው። አምስት ኪሎውን በሕዝብ አውቶቡስ ይዞ ተመለሰ፤ ተሳፋሪው ይሄ ምን ሽታ ነው ይል ነበር። በኋላ ነው እሱም፣ የሰጠው ፖሊስም ሕግ መጣሳቸው የታወቀው። ፈቃድ የሚሰጠው ጤና ሚኒስቴር ነበር። ሄዶ ይቅርታ ጠየቀና ከዚያ ወዲያ በደብዳቤ፣ በፈቃድ ሠራ። አያችሁ? ዓለም ያከበረው ሳይንቲስት እንኳ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። በወረቀቱ ምክንያት ግን ምርምሩ አልቆመም። ዛሬ ከዚያው ተክል ከሚገኘው፣ ከማያሰክረው ካናቢዳዮል በሚባለው የተሠራ መድኃኒት አለ። አሜሪካ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ እንዲታዘዝ ፈቅዳለች።

ይህን ማጥናት የምትፈልጉ ልጆች አላችሁ። አውቃለሁ፣ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። መንገዱ አለ። ፋርማሲ ተማሩ፣ ኬሚስትሪ ተማሩ፣ እዚሁ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሩ። በአገራችን የናርኮቲክ መድኃኒቶችን ቁጥጥር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው የሚመራው፤ አዋጁ 1112/2011 ነው፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። አዋጅ ማንበብ የጠበቃ ሥራ ብቻ አይደለም። ጥያቄ ካለ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ መልሱም በጽሑፍ ይቀመጣል።

እናቶች፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው። ከቶሮንቶ የመጣ ዘመድ «ለጤና ነው፣ ከእርጎ ጋር ብዪው» ብሎ የተፈተገ የሄምፕ ፍሬ በላስቲክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከአጃ አጠገብ የሚሸጥ ምግብ ነው። ክፋት አስቦ አይደለም። ነገር ግን ጉምሩክ ላይ ሻንጣው ሲከፈት የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ሳይመጣ በፊት ንገሩት፦ «ልጄ፣ ተወው፣ ቡና ነው የናፈቀን ወይስ ምን? ይልቅ አንተ በሰላም ና።» ያለ ጥያቄ በፖስታ የመጣ ዘር ከሆነም አትዝሩት፣ ለግብርና ባለሙያ አስረክቡት። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ያላዘዙት ዘር በፖስታ እየደረሳቸው የግብርና መሥሪያ ቤቱ «አትዝሩ» ብሎ ሲለምን ነበር።

ከአደንዛዥነቱ ውጪም ምክንያት አለ እኮ። ዘር ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ ማስገባት፣ የቲማቲምም ይሁን የአበባ፣ በዕፅዋት ኳራንቲን የተከለከለ ነው። ለምን መሰላችሁ? ፋረምሲሳ! ኦሆ፣ አርሶ አደሮቹ ሳቁ፣ ያውቁታላ። ቅንጨ አረም የምንለው። ይህ አረም ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ የእኛ አካባቢ ነው፣ ድሬዳዋና ሐረርጌ፣ በ1980 ዓ.ም. ገደማ። ማንም ፈልጎ አልዘራውም። ከሌላ ነገር ጋር ተሸሽጎ ገባ። አንዱ እግር ከ10 ሺህ በላይ ዘር ይጥላል። ልጅ ሆኜ በማሽላ ማሳ ውስጥ የምሮጥ ሴት፣ ትልቅ ሆኜ ያንኑ ማሳ ስጎበኝ ወገቤ ድረስ ያ ነጭ አበባ ነው የደረሰብኝ። የማሳው ባለቤት ቆሞ ያየዋል። ስሙን ገበሬው ምን አለው? ፋረምሲሳ፣ መሬትህን አስፈርሞ የሚያስለቅቅ። ያልታወቀ ዘር ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ማንም ሊያስተምረን አይችልም፣ አጨብጭበን አይደለም የተቀበልነው፣ እስከ ዛሬ እየነቀልን ነው።

ልጆች፣ ስለ ጤናው አጭር ነገር ልበል። አእምሮ እድገቱን የሚጨርስ በሃያዎቹ አጋማሽ ነው። በእናንተ ዕድሜ ካናቢስ አዘውትሮ ማጨስ ትውስታን ይጎዳል፤ በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ላለበት ልጅ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። እዚህ ከተማ ከጫቱ ላይ፣ ከምርቃናው ላይ እሱን የሚደርብ ልጅ አይቻለሁ። አስተምሬው ነበር። ዛሬ ለገሃር አካባቢ ሳልፍ ያየኛል፣ አያውቀኝም። በዚህ ላይ ሌላ ቃል አልጨምርም።

አሁን ወላጆች፣ መምህራን። ልጅ መጥቶ «ይሄ ምንድነው?» ሲል ምን እናድርግ? መጀመሪያ አትምቱ። አቦ፣ አትምቱ! ሁለተኛ እዩት። ሦስተኛ «ማን ሰጠህ?» ከማለት በፊት «ምን ብለው ነገሩህ?» በሉ። ማን ሰጠህ ስትሉ ልጁ ጓደኛውን ላለማጋለጥ ይዋሻል። ምን ብለው ነገሩህ ስትሉ ግን የተነገረውን ይነግራችኋል፣ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው የሚቀናው። የበላው ነገር ካለ ደግሞ ክርክር የለም፤ ፍሬውን ወረቀት ላይ ጠቅልሎ፣ ልጁን ይዞ፣ ወደ ሐኪም።

ያንን የክብሪት ቀፎ ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ባቡር ጣቢያ አግኝቼው ነበር። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ሴት ልጁን አዝሏል። ሰላም አለኝ፣ ሳመኝ። «ያ ነገር ምን ነበር?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ይቅርታ ግን ጠየቅሁት። «ተይው ቲቸር፣ ድሮ ነው» አለኝ። ትንሿ ልጅ ቦርሳዬ ላይ ያለውን ዶቃ እየነካካች «ይሄ ምንድነው?» ትለኝ ነበር። ከምን እንደተሠራ ቁጭ ብዬ ነገርኳት።

እንግዲህ እዚህ ጠረጴዛው ላይ አራት ብልቃጥ አስቀምጫለሁ። ተልባ፣ ሱፍ፣ ድንብላል፣ አስተናግር። የካናቢስ ፍሬ ብልቃጥ የለም፤ ፈቃድ የለኝምና አላመጣሁም፤ በእሱ ቦታ አጉልቼ ያሳተምኩት ሥዕል አለ። ማጉያ መነጽር ሁለት ነው፣ በየተራ። ከኋላ ረድፍ ያላችሁ ቅድሚያ ኑ። አስተናግሩን በመስታወቱ ላይ ሆናችሁ ብቻ እዩት፣ ክዳኑን አሽጌዋለሁ። እየመጣችሁ ጠይቁኝ።